ቤት ለእንግዳ፦ ከቡሬ ጎዳና እስከ ኳስ ሜዳ

መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ!» ይል ነበር። ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ያስገባዋል። በዚህ አጭር ልውውጥ ውስጥ «የማን ወገን ነህ?» የሚል ጥያቄ አለመኖሩን አንባቢ ልብ ይሏል። የአገራችን የመጠጥ ቤት ታሪክ ከዚህ ልማድ ብዙ አይርቅም። ቡድኑን ተከትሎ ከማያውቀው ከተማ የሚገባ የእግር ኳስ ደጋፊም፣ ከጨዋታው በፊት አረፍ የሚልበትን ቤት ሲያፈላልግ የዚያ መንገደኛ ወራሽ ነው።

ለአብነት የኢሉባቦሯን ቡሬ እናንሣ፤ የጎጃሟን ስም መጋራቷ አያሳስተን። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ፣ ደጋው ወደ ቆላ ሊያቆለቁል ሲል የምትገኝ ከተማ ናት። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉ በኋላ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላም ከካርቱም የተነሡ የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ይደርሱ ጀመር። የኢሉባቦር ቡና በቡሬ በኩል ወደዚያ ወረደ፤ ጨውና ጨርቅ ወደ ላይ ወጣ። በዚያ ጎዳና ኦሮሞው፣ አማራውና ጉራጌው፣ ከባሕር ማዶ የመጡት ግሪክና ሶርያዊም ተላለፉበት።

እንዲህ ያለው መንገደኛ በቅሎውን አራግፎ ጉሮሮውን የሚያርስበት ቤት ይሻል። ኢሉባቦር የጫካ ማር አገር ናትና ኦሮሞው «ዳዲ» የሚለው ጠጅ፣ «ፋርሶ» የሚለው ጠላም አይጠፋም። በአገራችን ሻጭዋ ቤቷን የምታስታውቀው በረጅም እንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍታ በማቆም ነበር። ምልክቱን ለማወቅ ፊደል መቁጠር፣ ቋንቋ መስማትም አያስፈልግም፤ የተጠማ ሁሉ ያነበዋል።

እግር ኳሳችን ግን መጀመሪያ መንገደኛ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1944 በተካሄደው የመጀመሪያ ሻምፒዮና የተሰለፉት ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ሁሉም የአዲስ አበባ ነበሩ። ደጋፊው ሜዳ ደርሶ ማታ ከቤቱ ያድራል። በ1950ዎቹ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ዋንጫውን ደጋግሞ ሲወስድ ኳስ ረጅም መንገድ እንዳላት ታወቀ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን ሲሆን፣ ዋንጫው ወደ ቡና አገር ገባ።

የጣሳውን ቦታም የቢራ ማስታወቂያ ተካው። በደሌ፣ ያኔ የኢሉባቦር ከተማ ሳለች፣ በ1985 ዓ.ም. የቢራ ፋብሪካ አገኘች። በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተው የጊዮርጊስ ቢራ ፈረሰኛ ሰማዕትም በየከተማው በር ላይ ተሰቀለ። የቢራውን ስም የሚጋራው ቡድን ደጋፊ ምልክቱን አይቶ ወገኔ ቤት ደረስሁ ቢል አይፈረድበትም፤ ባለቤቱ ግን የማንም ደጋፊ ሊሆን ይችላል። የቤቱ ክብር እዚህ ላይ ነው፤ ለተቃራኒው ቡድን ደጋፊም ወንበር ይሳባል።

ይህ ክብር የሚፈርስበት ቀንም አለ። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር ወልዲያ ከመቐለ ሊጫወቱ ቀጠሮ በያዙበት ቀን፣ ኳሷ ሳትነካ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። እንግዳው ከመቀመጡ በፊት «የማን ወገን ነህ?» የተባለበት ቀን ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ፕሪሚየር ሊጉ ቡድኖቹን ሁሉ በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ማጫወት ጀመረ፤ ጅማም ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች። ቡድኑን ከከተማ ወደ ከተማ የሚከተለው ደጋፊ መንገዱ ተቋረጠበት። ኳሳችን ያጣችው የገቢ ትኬት ብቻ አይደለም፤ የወላይታው ልጅ የድሬዳዋን፣ የድሬዳዋው የጅማን ጎረቤት የሚያውቅበትን ቅዳሜና እሑድ ጭምር ነው።

በአንጻሩ በየገጠር ከተማው ቴሌቪዥን ባለበት ቤት የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይጮኻል፤ ሲያበቃም አንዱ ለሌላው ቢራ ያዝዛል። ለለንደን ባዳ የሆነ ሰው ይህን ከቻለ፣ ለጎረቤት ከተማ ቡድን መቻል እንዴት ይሳነዋል? የቡሬ ጎዳና ነጋዴዎች ግን፣ ሚዛንና ዋጋ እያከራከራቸው፣ ከአንድ ገንቦ ጠጥተዋል።