አብሽና የስኳር በሽታ፦ ምርምሩ ምን አገኘ? ከመድኃኒት ጋርስ እንዴት ይሄዳል?

አብሽ የባቄላ፣ የሽምብራና የምስር ዘመድ የሆነ ተክል ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ቢጫማ፣ ማዕዘን ያለውና ጠጠር የመሰለ ጠንካራ ነው። በኢትዮጵያ ለሽሮ ቅመም ይሆናል፣ ለአራስ ይጠጣል፣ ሆድ ሲቃጠል ይፈለጋል። በእስራኤል ገበያ የሚታወቀው ከየመን የመጡ አይሁድ በሚጠሩበት ስም ሒልቤ ተብሎ ነው። ሊቃውንት የሰጡት የላቲን ስም ደግሞ ትሪጎኔላ ፎይኑም ግሬኩም ሲሆን ሁለቱ የመጨረሻ ቃላት «የግሪክ ድርቆሽ» ማለት ናቸው። በጥንት ዘመን የከብት መኖም ነበርና።

ስለ አብሽ ከሁሉ በላይ የሚነሳው ጥያቄ «ስኳር ያወርዳል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» የሚለው ነው። አጭሩ መልስ፣ አዎ፣ በመጠኑ ያወርዳል፤ መድኃኒትን ግን አይተካም የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ግን ማወቅ የሚገባ ነው፤ አብሽ ጠጥቶ ኪኒኑን የሚተው ሰው አለና። ኪኒኑን ሳይተው አብሽ ጨምሮበት ስኳሩ ከልክ በታች የሚወርድበትም አለ።

ጉዳዩ ለማኅበረሰቡ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988፣ ከሙሴ ዘመቻ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ዲያቤቲስ የተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በመጡ ወጣት ጎልማሶች ላይ የስኳር በሽታ በብዛት እንደተገኘ የሚገልጽ ጥናት አውጥቷል። ጤፍ፣ ማሽላና ጥራጥሬ እየበላ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲሄድ የኖረ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ነጭ ዱቄት፣ ወደ ጣፋጭ መጠጥና ወደ አውቶቡስ ተሸጋግሯል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአብሽ ምስጢር ያለው በዝልግልጉ ውስጥ ነው። ይህን ዝልግልግ የጥንት አይሁድም ያውቁት ነበር። ፍላቪዩስ ዮሴፍ ስለ አይሁድና ስለ ሮማውያን ጦርነት በጻፈው መጽሐፍ፣ በ67 ዓ.ም. ሮማውያን በገሊላ ያለችውን ዮድፋትን ከበው ወደ ቅጥሩ መሻገሪያ ሳንቃ ሲዘረጉ፣ ተከላካዮቹ የተቀቀለ አብሽ በሳንቃው ላይ እንዳፈሰሱበት ይተርካል። ወታደሮቹ እያዳለጣቸው ወደቁ። አብሽ በጦር ሜዳ የዋለበት ሌላ ቦታ መኖሩ ያጠራጥራል። በማዕድ በኩል ደግሞ ታልሙድ በሮሽ ሀሻና እንዲቀርቡ ከሚጠቅሳቸው ምግቦች አንዱን፣ ሩቢያ የሚለውን፣ ራሺ አብሽ ነው ብሎ ተርጉሞታል።

ሮማውያንን ያዳለጠው ነገር ጋላክቶማናን ይባላል። በውኃ ሲነካ የሚያብጥና ወደ ሙጫነት የሚለወጥ የአሰር ዓይነት ነው። አሰር ማለት የኩፓት ሖሊም የምግብ ባለሙያዎች «ሲቢም» የሚሉት፣ ሆድ የማይፈጨው የእህል ክፍል ነው። ሰው አብሽ ጠጥቶ እንጀራ ወይም ዳቦ ሲበላ ይህ ሙጫ በሆዱ ውስጥ ከምግቡ ጋር ይቀላቀላል። ምግቡ ከጨጓራ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ከዱቄቱ የሚገኘው ስኳርም በሙጫው ውስጥ እየተጓተተ ወደ ደም ይገባል። ልብ መባል ያለበት፣ ስኳሩ አልጠፋም። በአንድ ጊዜ እንደ ጎርፍ ከመግባት ይልቅ እንደ ካፊያ ይገባል ማለት ነው። የስኳር ሕመምተኛ ቆሽት ደግሞ ጎርፉን አይችልም እንጂ ካፊያውን የሚችልበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛ ነገርም አለ። በፈረንሳይ አገር በሞንፐልዬ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1998 ባወጡት ጥናት፣ በአብሽ ፍሬ ውስጥ ያለ 4-ሃይድሮክሲ-አይሶሉሲን የተባለ የፕሮቲን ቅንጣት የቆሽት ሕዋሳት ብዙ ኢንሱሊን እንዲያመነጩ እንደሚረዳ አሳዩ። የሚሠራውም በዙሪያቸው ስኳር ሲበዛ ነው። ጥሩ ግኝት ነው፤ ሆኖም ይህ የታየው ከአይጥና ከሰው በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ፣ በቤተ ሙከራ ነው። በኩባያ ከሚጠጣው አብሽ ምን ያህሉ ቆሽት ዘንድ እንደሚደርስ ሌላ ጥያቄ ነው።

በሰው ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ቀደምት ከሆኑት አንዱ እዚሁ እስራኤል ውስጥ የተሠራ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በሬሖቮት ባለው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ዘካርያ ማዳርና ባልደረቦቻቸው በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ላለባቸው ሰዎች 15 ግራም የአብሽ ዱቄት በውኃ ተዘፍዝፎ ከምግብ ጋር ተሰጣቸው። ከምግቡ በኋላ የሚወጣው ስኳር አብሽ ሳይወስዱ ከነበረው ቀነሰ። ሌላው በ1990 ከሃይደራባድ፣ ህንድ የወጣው ነው። በዚያ ዘይቱ የወጣለት የአብሽ ዱቄት በቀን 100 ግራም፣ በምሳና በራት ተከፍሎ፣ ለ10 ቀን ተሰጠ፤ በሽንት የሚወጣው ስኳር በ54 በመቶ ቀነሰ። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ነገር ግን 100 ግራም አብሽ በየቀኑ ማን ይበላል? ዘጠኝ የሾርባ ማንኪያ ፍሬ ነው።

በ2014 ደግሞ እስከዚያ ጊዜ የተደረጉ 10 የሰው ሙከራዎች ተሰብስበው በአንድነት ተመዘኑ። አብሽ የወሰዱት ሰዎች በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸው በአማካይ 17 ያህል ነጥብ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው 39 ያህል ነጥብ ወረደ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ፣ ሐኪሞች ኤዋንሲ የሚሉት፣ በ0.85 ቀነሰ። የባዶ ሆዱ ስኳር በግልጽ የወረደው በቀን 5 ግራምና ከዚያ በላይ በወሰዱ የስኳር ሕመምተኞች ላይ ነው። ጥናቱን ያቀረቡት ሰዎች ራሳቸው አብዛኞቹ ሙከራዎች ትንንሽና በጥንቃቄ ያልተሠሩ መሆናቸውን ጽፈዋል።

እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ሰው ላይ አድርጎ ማየት ይሻላል። ጠዋት በባዶ ሆዱ 180 የሚለካ ሰው በአብሽ 17 ነጥብ ቢወርድለት 163 ይሆናል። ለብዙ ሕመምተኞች ሐኪሞች የሚፈልጉት ከ80 እስከ 130 ያለውን ነው። ስለዚህ ረድቶታል፤ አላዳነውም። ሜትፎርሚን የተባለው የተለመደ ኪኒን በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዓመታት በተደረገ ትልቅ ጥናት ወፍራም በሆኑ የስኳር ሕመምተኞች ላይ የልብ ድካምንና ሞትን እንደሚቀንስ በ1998 ታይቷል። አብሽ ግን ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ከጉዳት ለመጠበቁ እንዲህ ያለ ማስረጃ አልቀረበለትም። የስኳር በሽታ ክፋቱ መጀመሪያ ላይ አለማመሙ ነው፤ ኪኒኑን የተወ ሰው ለወራት ደህና ነኝ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፣ ጉዳቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ኩባያው እንመለስ። አንድ የሻይ ማንኪያ የአብሽ ፍሬ ወደ 4 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 11 ግራም ይመዝናል። የሬሖቮቱ 15 ግራም እንግዲህ አራት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ሽሮ ውስጥ የሚገባው ቁንጥር ለጣዕም ነው እንጂ ስኳር አያወርድም። ከፋርማሲ የሚገዛው እንክብልም ቢሆን ብዙውን ጊዜ አንዱ ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ 15 ግራም ለመድረስ 30 እንክብል መዋጥ ያስፈልጋል። ለገንዘብም ለሆድም ከባድ ነው፤ ዱቄቱ ይሻላል።

አሠራሩን እናቶች ያውቁታል። ዱቄቱ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ካደረ በኋላ ከላይ የጠለለው መራራ ውኃ ይደፋል፣ የቀረው አረፋ እስኪያወጣና እስኪነጣ ይመታል። ሙጫው ከታች ስለሚቀር መራራውን ውኃ መድፋት የአሰሩን ጥቅም አያስቀርም። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ነው። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር አለ። ሁለት ማንኪያ ማር የተጨመረበት አብሽ 34 ግራም ስኳር ይዞ ይገባል፤ በዚህ ላይ «ስኳሬ አልወረደም» ቢባል አብሹ ምን ያድርግ። በአገር ቤት አብሽ ያወፍራል የተባለውም ከማሩና ከወተቱ ጋር ስለሚጠጣ ሳይሆን አይቀርም። ሎሚ ጨምቆ፣ ጥቂት ጨው ጣል አድርጎ መጠጣት ወይም እንደ የመን አይሁድ በሎሚና በስሑግ መትቶ በምግብ ላይ ማድረግ ይቻላል። ሰዓቱም ቁም ነገር አለው። ሙጫው የሚሠራው ከምግቡ ጋር ሲቀላቀል ነው፤ ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ ትንሽ ቀደም ብሎ መሆን አለበት። ያልለመደ ሰው በአንድ የሻይ ማንኪያ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ብዙ አብሽ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣልም። ለማደር የሚዘፈዘፈውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር ይገባል፤ የእስራኤል በጋ ለተዘፈዘፈ ነገር አይመችም።

ትልቁ ጥንቃቄ ከመድኃኒት ጋር ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊበንክላሚድና ግሊሜፒራይድ ያሉ ቆሽትን የሚያነቃቁ ኪኒኖች የሚወስድ ሰው ብዙ አብሽ ሲጨምርበት ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠንና መደናገር ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ መደናገሩ ብቻ ሊታይ ይችላልና ቤተሰብ «ሸመገለ፣ ዘነጋ» ብሎ እንዳያልፈው። ሰውየው መዋጥ ከቻለ ወዲያውኑ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ በ101 ማገን ዳቪድ አዶም ይጠራል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ላይ ይህ አደጋ አነስተኛ ነው። ለጾም የሚዘጋጅ ሕመምተኛ፣ ለዮም ኪፑርም ሆነ ለስግድ፣ መድኃኒቱንም አብሹንም አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገርበት ይገባል።

ደም የሚያቀጥነውን ኩማዲን የሚወስዱም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በ2001 የታተመ አንድ የሐኪሞች ዘገባ፣ ኩማዲን የሚወስድ ሕመምተኛ አብሽና ቦልዶ የተባለ ሌላ ቅጠል ሲጨምርበት ደሙ ከሚፈለገው በላይ እንደቀጠነ፣ ሲተዋቸው እንደተስተካከለ፣ እንደገና ሲጀምር እንደገና እንደቀጠነ ይገልጻል። ሁለቱ አብረው ስለተወሰዱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልተለየም፤ ለጥንቃቄ ግን ይበቃል። ሙጫው ሌሎች ኪኒኖችንም ሊያዘገይ ስለሚችል፣ በመሃል ስንት ሰዓት ማሳለፍ እንደሚያስፈልግ ፋርማሲስቱን መጠየቅ ደግ ነው።

ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ «አብሽ» ማለት አይጠቅምም፤ ሐኪሙ ቃሉን አያውቀውም። «ሒልቤ» ብሎ፣ በቀን ስንት «ካፒት» ወይም ስንት «ካፍ» እንደሚጠጡ መንገር ነው። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ኪኒን ነው፤ አብሽ ደግሞ ለጠጪው ምግብ ስለሆነ መናገሩ ትዝ አይለውም። ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሰውም አስቀድሞ ይንገር።

ኦቾሎኒ ወይም ሽምብራ የማይስማማው ሰው አብሽም ላይስማማው ይችላል፤ ዘመዶች ናቸውና። የበቀለ አብሽ ጥሬውን መብላት ደግሞ ለአረጋውያን አይመከርም። በ2011 በጀርመን ከ50 በላይ ሰዎችን የገደለውና ወደ 4,000 የሚጠጉትን ያሳመመው የሆድ ተሕዋስ ከግብፅ በመጣ የአብሽ ዘር በቡቃያው በኩል እንደተዛመተ የአውሮፓ መርማሪዎች ደምድመዋል። ዘሩን ለማብቀል የሚያስፈልገው ሙቀትና እርጥበት ተሕዋሱንም ያራባል። የተቀቀለ ከሆነ አያሰጋም።

የቀረው የአራሷ ነገር ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በምግብ ውስጥ የሚገባውን ያህል ብትቀምስ ክፋት የለውም፤ በብዛት መጠጣት ግን አይመከርም። ልትወልድ ስትል የምትጠጣው አብሽ ደግሞ ያልታሰበ ጣጣ አለው። ሶቶሎን የሚባለው የአብሽ የሽታ ቅመም በላብና በሽንት ይወጣል፤ ከእናት ወደ ጽንሱም ይደርሳል። ሽታው የተቃጠለ ስኳር ይመስላል። ሽንቱ ልክ እንዲህ የሚሸት፣ በዘር የሚመጣ ከባድ የሕፃናት በሽታ ስላለ፣ ሐኪሞች ሕፃኑ ያን በሽታ ይዞ ተወለደ ብለው ደንግጠው ያውቃሉ። በ2001 ከኢየሩሳሌም የወጣ የሐኪሞች ዘገባ ይህንኑ ይተርካል፤ እናቲቱ ከመውለዷ በፊት አብሽ ወስዳ ነበር፣ ሕፃኑ ግን ጤነኛ ነበር። እንዲህ ያለ ሽታ ያለው ሕፃን ሁልጊዜም መመርመር አለበት። አያቲቱ በወሊድ ክፍሉ ወይም በጢፓት ሐላቭ ላለችው ነርስ «ልጄ ሒልቤ ጠጥታ ነበር» ብላ አስቀድማ ብትነግር ግን ምርመራው ያጥራል፣ ድንጋጤውም ይቀንሳል።