ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር

ጆሮ ስጡኝማ! የቋራው ካሳ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ መድፋቸውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ በወጡበት ዘመን፣ የእንግሊዝ ጦር ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ ዝሆንና በቅሎውን እየነዳ ይመጣ ነበር። የጦርነቱን ነገር ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። እኔ የማወራችሁ ከሠራዊቱ መሐል መዶሻ ይዞ ስለመጣው ሰውዬ ነው። ዊሊያም ብላንፎርድ ይባላል፤ ሥራው የድንጋይ ምርምር ነው። ሌላው ከገደሉ አፋፍ ማን ይተኩስ ይሆን ብሎ ሲያንጋጥጥ፣ እሱ ገደሉ ከምን እንደተሠራ ያያል። ትግራይ፣ ሕንጣሎ ሲደርስ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ አገኘና በቦታው ስም ጠራው። ስሙ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

«ታዲያ ለእኛ ለጎንደሬዎች ምናችን ነው? አንቱ ደግሞ!» አትበሉኛ። የፋሲል ግንብ የቆመበት ጥቁር ድንጋይ፣ ስሜንም ራስ ደጀንም፣ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ከእሱ በፊት የነበረውን ማየት የፈለገ አዲስ አበባ ይሂድ! አውቶቡሱ ደጀን ከተማን አልፎ ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ሲወርድ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ድንገት ጸሎተኛ ይሆናል። ዓይኑን ያልጨፈነ ግን ጥቁሩ ድንጋይ ከላይ ቀርቶ ነጣ ያለ ድርብርብ ድንጋይ ሲመጣ ያያል። ያ የሕንጣሎው ዓይነት ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ጭቃ ነበር፤ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ዛጎል አለ፣ ኮራል አለ፣ የባሕር ጃርትም አለ።

የባሕር ጃርቱን ቅሪት እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ከአናቱ እስከ ሆዱ በአምስት መስመር የተበሱ ጥንድ ጥንድ ቀዳዳዎች አሉ፤ በነፍሱ ሳለ ውሃ እየሞላቸው የሚለጠጡ ቀጫጭን እግሮቹ የሚወጡት በዚያ ነበር። ጉብታዎቹ ደግሞ እሾሁ ወዳሻው የሚዞርባቸው ናቸው። አፉ ከታች፣ ባለ አምስት ጥርስ፤ ፊንጢጣው ከላይ! አንጎል የለው፣ ልብ የለው። እንዲያም ሆኖ ዘሩ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖሯል።

የእኛው ባሕር ግን ጥልቅ አልነበረም፤ ፀሐይ ያገኘው ነበር። ወደ ጨለማው የወረዱት የጃርቱ ዘመዶች ታሪካቸው ሌላ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1863 ዉድዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ ከአገሩ ጠመኔ ስለወጣ ግራ የሚያጋባ ቅሪት ጻፈ። የሌላው ጃርት ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ተጋጥመው አንድ ዛጎል ይሆናሉ፤ የዚህኛው አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሯል። በሕይወት ያለ አቻ አልተገኘለትም ነበር። ቴዎድሮስ በሞቱ በዓመቱ፣ በ1869፣ ተመራማሪው ዋይቪል ቶምሰን «ፖርኪዩፓይን» በምትባል መርከብ ከስኮትላንድ በስተሰሜን መረቡን ወደ ጥልቁ ጣለ። ከዚያው ዓይነት አንዱን በነፍሱ አወጣው! የመርከቧ ወለል ላይ ሲዘረገፍ ቀይ ድፎ ዳቦ መስሎ ተቀመጠ፤ ወዲያው እያበጠ እየሟሸሸ ያለከልክ ጀመር። ሰሌዳዎቹን የሚያያይዛቸው ስስ ቆዳ ነበርና ሰውነቱ ይተጣጠፋል። ቶምሰን ለመንካት ድፍረቱን ማሰባሰብ እንዳስፈለገው ራሱ ጽፏል። ደግም አደረገ፤ የእነዚህ እሾህ መርዘኛ ነው። በሆዳቸው በኩል ያሉት እሾሆች ጫፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮቴ አለው፤ በለስላሳው ጭቃ ላይ ሳይሰምጡ ይራመዱበታል።

የባሕር ጃርት አስተዳደግ ነው ጉዱ! የዳርቻው ጃርት እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ ስንቅ የላትም። የሚፈለፈለው እጭ እስከ ስምንት ክንድ አውጥቶ፣ ለሳምንታት እየተንሳፈፈ ጥቃቅን አልጌ ይለቅማል። እጩ እንደ እኛ ቀኝና ግራ አለው። ከዚያ በግራ ጎኑ ውስጥ ባለ አምስት አቅጣጫ ሕፃን ጃርት ይጸነሳል። ቀኑ ሲደርስ እጩ ታች ያርፋል፣ ክንዶቹ ይሟሽሻሉ፣ ውስጥ የነበረው ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ በቃ፣ ጃርት ሆነ።

ተጣጣፊው የጥልቅ ባሕር ጃርት ግን እንቁላሉን ቅባት አጥግቦ ነው የሚለቀው። ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥም አለ። ቅባቱ ያንሳፍፈዋል፤ እጩም ስንቁን ይዞ ስለሚወለድ ምግብ ፍለጋ አይንከራተትም። ጃርቱ ሲሞት ቆዳው ይበሰብስና ሰሌዳዎቹ ይበተናሉ፤ ድንጋይ ውስጥ ሙሉውን ማግኘት ብርቅ የሆነው ለዚሁ ነው።

ይበላል ወይ ለምትሉኝ፣ የዳርቻው ይበላል። ከዛጎሉ ውስጥ አምስቱ የእንቁላል ወይም የዘር ከረጢቶች ይወጣሉ፤ ጃፓኖች ነፍሳቸው ነው። የጾም ይሁን የፍስክ፣ እሱን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።