ቪንሰን፦ በአንታርክቲካ አናት ላይ የቀረ የፖለቲከኛ ስም

የአንታርክቲካ ረጅሙ ተራራ የሚጠራው በአሳሽ ወይም በንጉሥ ስም አይደለም። ስያሜው የተወሰደው ከካርል ቪንሰን ነው፤ እርሱም የአሜሪካዋ ጆርጂያ ሰው፣ በሙያው ጠበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1965 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ሲቀመጥ የባሕር ኃይል ጉዳዮችን፣ በኋላም የጦር ኃይሎችን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መርቷል።

ተራራው ያለበትን ሰንሰለት መጀመሪያ ያየው አሳሹ ሊንከን ኤልስወርዝ ነው። ኖቬምበር 23 ቀን 1935 ከአብራሪው ኸርበርት ሆሊክ ኬንየን ጋር አህጉሩን በአየር ሲያቋርጥ፣ ከበረዶው ሜዳ ላይ ቀጥ ብለው የወጡ ቋጥኞች ታዩት። ዘብ የቆሙ መስለውት ሰንሰለቱን ሴንቲኔል አለው። አንዱን ጫፍም ለባለቤቱ ለሜሪ ሉዊዝ አልመር መታሰቢያ አደረገው። ትልቁን ተራራ ግን ሳያየው አለፈ።

ትልቁ የታየው በጃንዋሪ 1958 ነው፤ ያየውም የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላን ነበር። በ1961 የአሜሪካ የአንታርክቲካ ስያሜ ኮሚቴ ቪንሰን አለው፤ ሰውየው ለአንታርክቲካ አሰሳ ድጋፍ ሲያደርግ ስለኖረ ነው። ይህ ለባለሥልጣን የተከፈለ ውለታ ይመስላል፤ ነውም። ቢሆንም ያለ በጀት የሚበር አውሮፕላን የለም። በስፍራው ኗሪ ሕዝብ ስላልነበረም በአዲሱ ስም የተሻረ ነባር ስም የለም።

ካርታው ግን ገና አልጠራም ነበር። ዲሴምበር 18 ቀን 1966 በኒኮላስ ክሊንች ከተመራው ቡድን የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች አናቱ ላይ ሲደርሱ፣ ተራራው 5,140 ሜትር እንደሚረዝም ይታመን ነበር። በ2004 ተራራ ወጪዎች የሳተላይት መለኪያ ይዘው ወጡና 4,892 አገኙ። ይህ በ1966 ይታመን ከነበረው በ248 ሜትር ያንሳል።

በ2006 ደግሞ ኮሚቴው ወሰኑን አስተካከለ። እስከዚያ ድረስ 21 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 13 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ግዙፍ የተራራ ክምር በሙሉና ከፍተኛው ጫፍ በአንድ ስያሜ ይጠሩ ነበር፤ አሁን ጫፉ ለብቻው የቪንሰን ተራራ ተባለ። በዚያው ዓመት ክሊንች፣ ኮርቤትና ሾኒንግ የተባሉት የ1966ቱ ተራራ ወጪዎች ስም በዚያው ክምር ላይ ላሉ ዝቅ ያሉ ጫፎች ተሰጠ።