የማሽላ ሀገርና የአንጀት ከረጢቶች

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማበርን አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ብርዱ ለቆላ ሙቀት፣ የገብሱ ማሳም ለማሽላ ቦታውን ይለቃል። የወላስማ ሱልጣኖች ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በገዙት በዚህ የይፋት ምድር ማሽላ እንጀራም፣ ገንፎም፣ ንፍሮም፣ ጠላም ነው። ጥንቅሽ ከሆነ አገዳው ሳይቀር በጥርስ ተልጦ ይመጠጣል።

የሞተር ወፍጮ ሳይመጣ እህሉን ዱቄት የሚያደርገው የሴት ጉልበት ነበር። ከወፍጮው ፊት ተንበርክካ፣ መጁን በሁለት እጇ እየገፋች መጀመሪያ ትሸረክተዋለች፤ መልሳ ታልመዋለች። ማሽላው በሙቀጫ ቢሸከሸክም እንኳ አብሮ የሚፈጭ ገለፈት አይጠፋም። ጤፍማ ከማነሱ የተነሳ ገለፈቱን መለየት አይታሰብም።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ያዘች። እ.ኤ.አ. ከ1880 ገደማ ጀምሮ በብሪታንያ የተስፋፋው ባለብረት ወፍጮ የስንዴውን ገለፈት እየለየ ነጩን ዱቄት ለድሃውም አደረሰ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዳይቨርቲኩላር የሚባለው የትልቁ አንጀት በሽታ በዚያ እየበዛ መጣ። የአንጀቱ ግድግዳ በሳሳበት በኩል ወደ ውጭ ይወጠርና ትናንሽ ከረጢቶች ይፈጥራል። አብዛኛው ሰው ሳያውቃቸው ይኖራል፤ ሲቆጡ ግን ሕመምና ትኩሳት ያስከትላሉ፤ ሊደሙም ሊቀደዱም ይችላሉ።

በኡጋንዳ ለዓመታት የሠራው አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት ይህ በሽታ በአፍሪካ ገጠር ብርቅ መሆኑን አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ከኒል ፔንተር ጋር ባወጣው ጽሑፍ ምክንያቱን ከገለፈት መጥፋት ጋር አያያዘው፦ አሰር ያነሰው ምግብ ዓይነ ምድሩን ያደርቃል፣ አንጀቱ ለመግፋት ያምጣል፣ ግፊቱም ግድግዳውን ይወጥረዋል።

ሐሳቡ ግን ሳይፈተን አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ከ2,000 በላይ ሰዎችን አንጀት በመሣሪያ ያየ ጥናት፣ አሰር አብዝተው የሚበሉት ከከረጢት አለመዳናቸውን አሳየ። ዕድሜና ዘርም ድርሻ እንዳላቸው ታውቋል። በበርኪት ዘመን በአፍሪካ ምርመራው ጥቂት፣ ዕድሜውም አጭር እንደነበር መርሳት አይገባም።

የኢትዮጵያ ቀዶ ሐኪሞች በብዛት የሚያውቁት ሌላ ነው፦ ረዝሞ በራሱ ላይ የሚጠማዘዝ ትልቅ አንጀት። ብዙ ተመራማሪዎች ይህንንም የሚያያይዙት ከዚያው አሰር ከበዛበት ማዕድ ጋር ነው። ዛሬ በሸዋ ሮቢት ገበያ የፉርኖ ዱቄትና ፓስታ ከማሽላው ጎን ይሸጣሉ፤ መጁም ሥራውን ለሞተር አስረክቧል።