አዲስ የመማሪያ ቴክኖሎጂ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰራጭ ነበር፤ ተማሪው ባይገባውም መምህሩ ሥርጭቱን አቁሞ ሊያስረዳ አይችልም ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደንግጓል። በመሆኑም በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች በአፋን ኦሮሞ ለሚማሩ ሕፃናት ታብሌት ወይም ኮምፒዩተር ሲቀርብ፣ ወላጆች የሚከተሉትን እንዲጠይቁ ይመከራል፦

• ይዘቱ በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀና ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር የተጣጣመ ነው?
• መምህሩ በአጠቃቀሙ ላይ ሥልጠና ወስደዋል?
• መብራት ሲቋረጥ ትምህርቱ እንዴት ይቀጥላል?

ጥያቄው በቅድሚያ ለርእሰ መምህሩና ለወላጅ መምህር ኅብረት ይቀርባል፤ ምላሽ ካልተገኘ ለከተማው ወይም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል።