ቀጋ፦ ለከተማ ግቢ የሚሆን አገር በቀል ጽጌረዳ

ቀጋ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች፣ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ 900 እስከ 3 ሺህ 300 ሜትር ከፍታ ባላቸው ሥፍራዎች፣ በጫካ ዳርቻና በማሳ ወሰን የሚበቅል እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ሳይንሳዊ መጠሪያው ሮዛ አቢሲኒካ ሲሆን፣ ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚገኝ ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ ነው። ነጭና ባለ አምስት ቅጠል አበባው መልካም መዓዛ አለው፤ ንቦችም ይቀስሙታል። ሲበስል የሚቀላው ፍሬው ይበላል፤ ሆኖም በውስጡ ያሉት ፀጉር መሳይ ነገሮች ጉሮሮን ስለሚኮሰኩሱ አስቀድሞ ማስወገድ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ ጽጌረዳ ለውጭ ገበያ የምታቀርብ አገር ብትሆንም፣ በእርሻዎቿና በከተማ ግቢዎች የሚለሙት በአብዛኛው ከውጭ የገቡ ድቅል ዝርያዎች ናቸው። ቀጋ ግን እንደ አጥር እሾህ ብቻ ስለሚታይ፣ ለግንባታ ቦታ ሲጸዳ አብሮ ይመነጠራል።

ቀጋን ለማልማት ነባሩን ተክል ከበቀለበት መንቀል አይገባም። ክረምት ሲገባ ከጤናማ ቅርንጫፍ የእርሳስ ውፍረትና ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ወስዶ፣ ሁለት ሦስተኛውን በለሰለሰ አፈር ውስጥ መቅበር ይቻላል። ሁሉም ቁራጭ ሥር ላያወጣ ስለሚችል ከሚፈለገው በላይ መትከል ይመከራል። ፍሬውን መዝራትም ይቻላል፤ ነገር ግን ለመብቀል ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ሥር ያወጣው ችግኝ ፀሐይ በሚያገኝና ውኃ በማያቁር ቦታ፣ ብስባሽ በተቀላቀለበት ጉድጓድ ይተከላል። እስኪጸድቅ ድረስ በበጋ ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ቅርንጫፎቹ ስለሚንሰራፉና እሾሃቸው ቆልማማ ስለሆነ፣ ከመተላለፊያና ከልጆች መጫወቻ ራቅ ብሎ በአጥር ጥግ ቢተከል ይመረጣል።

የግቢውን ንጽሕና ለሚጠብቅ ባለቤት ዋናው ሥራ መከርከም ነው። አበባው በአብዛኛው ባለፈው ጊዜ ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚወጣ፣ ከማበቡ በፊት ሙሉ በሙሉ የተከረከመ ቀጋ በዚያ ወቅት አበባ ያጣል። በመሆኑም አበባው ሲረግፍ፣ ፍሬውም ከተፈለገ ከተለቀመ በኋላ፣ ካረጁት ግንዶች አንድ ሦስተኛ ያህሉን ከሥር መቁረጥና የቀሩትን በአጥሩ ላይ ማሰር በቂ ነው። በዚህ መንገድ የተያዘ ቀጋ ግቢውን ሳያጨናንቅ ለዓመታት ያብባል።