ከቁራኛ እስከ ቆጣሪ

ታሞ ከቤት የማይወጣን ሰው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን። የማናምነውን ደግሞ «በዓይነ ቁራኛ» እንጠብቃለን። እኔ ባለፈው ክረምት አንድ የቤት ጓደኛዬን በዓይነ ቁራኛ ስጠብቅ ከረምኩ። ሲገባ አያለሁ፣ ሲወጣ አያለሁ፣ ካውያ ሲሰካ ደግሞ ደሜ ይፈላል። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? የሦስት ወር የመብራት ድርሻውን አልከፈለም። አራት ሆነን አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ተከራይተናል፤ ውሉ ላይ የፈረምኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። (ያኔ ክብር መስሎኝ ነበር!) እናም ቢሉ ሲዘገይ አከራያችን የሚደውሉት ለእኔ ነው። «አንተ ልጅ፣ ምነው መብራቱ?» ይሉኛል። «ይቅርታ እትዬ፣ ነገ» እላለሁ። የራሴን ድርሻ ካዋጣሁ እኮ ሰንብቷል!

ነገ ነገ ስል ነው ቃሉ ራሱ ያሳሰበኝ። ቁራኛ የአልጋ ከመሆኑ በፊት የዕዳ ነበር።

በድሮው የአገራችን ሥርዓት መክፈል ያቃተው ወይም ይሸሻል ተብሎ የተፈራ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር ይቆራኝ ነበር። ለቀላሉ ሙግት የሁለቱ ባላጋራዎች የነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ነገሩ ሲጠና ሰንሰለት ይመጣል፤ አንዱ ጫፍ ባለዕዳው እጅ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ባለገንዘቡ እጅ ላይ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ ዘመድ ቤት ገንዘብ ፍለጋ ሲኬድም አብረው ነው። 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከገባ በኋላ እንኳ አዲስ አበባን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው መንገድ ላይ የሚሄዱ ቁራኞችን ጽፈውላቸዋል፣ ፎቶም አንስተዋቸዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። አበዳሪውም ታስሯል እኮ! እርሻው ዳዋ ይበላዋል፣ ገበያው ያመልጠዋል፣ ሚስቱ ደጅ ደጅ ታያለች። ስለዚህ ለመስማማት የሚቸኩለው ባለዕዳው ብቻ አይደለም። ጭካኔ የለበትም ለማለት አይደለም፣ አለበት፤ ሰንሰለቱ የሚከብደው ሁልጊዜ ድሃው ላይ ነው። ግን የሚታሰሩት ገንዘቡን ያበደረውና ገንዘቡን የበላው ናቸው። ከጎን ያለው ጎረቤት እጁን ዘርግቶ «እኔንም እሰሩኝ» አይልም።

ከሰንሰለቱ መውጫ አንድ በር ነበር፦ ዋስ። «ዋስ ጥራ!» ይባላል። ዋስ የሚሆነው ሰው ይመጣና በሰው ፊት፣ በገዛ አፉ፣ ዋስ ነኝ ይላል። ከዚያ በኋላ ባለዕዳው ቢጠፋ ዕዳው የዋሱ ነው። ማንም አላስገደደው፣ ማንም አላታለለው፤ ያውቀዋል። ይሄ ልማድ እስከ ዛሬ አልሞተም። ዕቁብ የገባ ሰው ያውቀዋል፦ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ብሩን ከመጨበጡ በፊት ዋስ አምጣ ይባላል። የሰውየውን ደግነት ማንም አልጠረጠረም፤ ብሩን ይዞ እንዳይቀር ነው።

በሌላ በኩል አፈርሳታ የሚባል ነገር ነበረን፤ አውጫጭኝም ይሉታል። ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም። ካልተገኘ ለተሰረቀው ሰው ካሳ የሚያዋጣው ያው የተሰበሰበው ሰው ነው፤ የሰረቀውም ያልሰረቀውም እኩል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የመብራት ቆጣሪ የቁራኛ ሳይሆን የአፈርሳታ ዘመድ ነው። ማን እንዳልከፈለ አያውቅም፤ ሁሉንም ያጨልማል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ ያረቀቀው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበር። ይሄ ሕግ ለዋስ በጣም ይጠነቀቅለታል። በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግምት አይያዝም፤ በግልጽ መነገር አለበት፤ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ካልተወሰነም ዋስትናው ዋጋ የለውም። ደግ ሕግ ነው። ግን እዚያው አካባቢ አንቀጽ 1896 አለ፤ አንድን ዕዳ በጋራ የገቡ ሰዎች ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው ይላል። ወደ መንደር ቋንቋ ስንመልሰው፣ ባለገንዘቡ ከአራታችሁ ደስ ያለውን አንዱን ይዞ ሙሉውን ይጠይቃል። የከፈለው ሰው ከፈለገ በኋላ ጓደኞቹን ይክሰስ።

አሁን ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ለጓደኛዬ ዋስ ልሁን ብዬ ብፈርም ሕጉ «ቆይ፣ እስከ ስንት ብር?» ብሎ ይጠይቅልኛል። ከጓደኛዬ ጋር አብሬ ተከራይ ብዬ ብፈርም ግን ማንም ምንም አይጠይቅልኝም፤ ለእሱም ጭምር ሙሉ ባለዕዳ ሆኜ አርፋለሁ። ዋስ ነኝ ሳልል ከዋስ የባሰ ዋስ! አብረን ስንኖር የምንገባበትን አደጋ የማናየው ለዚህ ይመስለኛል፤ «ነኝ» ያልንበት ቀን የለም።

የአዲስ አበባ ሰው ይሄን የተማረው ግን ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ከግቢው ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47 ወረሰ። ለባለቤቱ አንድ መኖሪያ ቤት ቀረለት፤ ሌላው የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ ሄደ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች። ኪራዩ ተቀነሰ፣ ቤት ማከራየትም ለግለሰብ ተከለከለ። በብዙ ግቢ ታዲያ ትልቁ ቤት፣ ሰርቪሱና ማድ ቤቱ ሳይቀር የየራሳቸው ነዋሪ ሲያገኙ የመብራቱ ቆጣሪ ያው አንዱ፣ የውሃውም ያው አንዱ ሆኖ ቀረ። «ደባል» የሚለው ቃልም በከተማው አፍ ላይ የገነነው በዚህ ኑሮ ነው። ቤቱ በአንዱ ስም ነው፤ ደባሉ ጥግ ይዞ ይኖራል፤ ደረሰኙ ላይ የለም፣ ምጣዱ ላይ ግን አለ።

ምጣድ ካነሳን አይቀር… በአንድ ቆጣሪ ያደገ ሰው የሒሳብ ትምህርት የጀመረው ትምህርት ቤት አይደለም። ቢሉ ሲመጣ ግቢው ይሰበሰባል። አንዱ በቤት ይካፈል ይላል፤ ሌላው በነፍስ ወከፍ፤ ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት በአምፖል ይቆጠር ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ 60 ዋት የሚሉት ዓይነት 50 አምፖል በአንዴ በራ ማለት ነው። ጋጋሪዋ ደግሞ «የማንን እንጀራ በላችሁ?» ትላለች። እሷም እውነቷን ነው።

ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ላይ እያለ ከጀርባ አንድ ሌላ ነገር ይሠራ ነበር። የመብራት ታሪፋችን እንደ ደረጃ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በየኪሎዋት ሰዓቱ ብዙ ይከፍላል። ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ላይ እስኪሻሻል ድረስ ለረዥም ዓመታት ለመኖሪያ ቤት የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እያንዳንዱ 27 ሳንቲም ገደማ፣ ከ500 በላይ ሲሆን 69 ሳንቲም ገደማ ነበር። የታሰበው ለድሃው ነው። ግን ስድስት ድሃ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቆጣሪው ስድስት ድሃ አያይም፤ አንድ ሀብታም ነው የሚያየው። በርካሹ ደረጃ መቆየት የሚገባቸው ሰዎች ተደማምረው ወደ ውድ ደረጃ ይወጣሉ። በዚያ ላይ አንዱ ካልከፈለ መስመሩ ለስድስቱም ይቆረጣል፤ መቀጫና ማስቀጠያ የሚጠየቀውም ስሙ ቆጣሪው ላይ ያለው ሰው ነው።

ይሄ የእኛ ሰፈር ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ዘመድ ያላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። አዲስ የገባ ሰው ብቻውን አፓርታማ ስለማይችል ሁለት ሦስት ሆኖ ነው የሚጀምረው። ውሉ ብዙውን ጊዜ ያው የ1896 ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ለሙሉው ይጠየቃል። የመብራቱ ሒሳብ ግን በአንዱ ስም ይከፈታል። አብሮ አዳሪው ሌላ ስቴት ሥራ አግኝቶ ሹልክ ካለ ያልተከፈለው ቢል ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ሄዶ ስሙ በተመዘገበው ሰው የክሬዲት መዝገብ ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የዚያ አገር ሕግ እንዲህ ያለ መጥፎ መረጃ እስከ 7 ዓመት እንዲቆይ ይፈቅዳል። «ክሬዲቴን አበላሸብኝ» የሚለው እሮሮ ከዚያ ነው፤ መኪና በብድር ልግዛ ሲል ሊጠፋ የተቃረበ ጓደኛውን ያስታውሳል።

እኛ ጋ ብሔራዊ ባንክ የያዘው የብድር መረጃ ከባንክና ከመሰል ተቋም የተበደረውን ሰው ነው የሚመለከተው፤ የመብራት ቢል እዚያ አይገባም። የእኛ መዝገብ አከራይዋ ናቸው። አንዴ «እሱ ልጅ አይከፍልም» ካሉ ሰፈሩ ውስጥ ያለው ደላላ ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ነገሩን ትንሽ ወደ ብርሃን አውጥቶታል። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ይሄ ከአከራይ ጥሩ መከለያ ነው። አብሮ ከሚኖር ጓደኛ ግን መከለያው የምትጽፉት አንድ መስመር ነው፤ 1896 ራሱ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ስለሚል አራቱም ፈርመው እያንዳንዱ ለድርሻው ብቻ ይጠየቅ ማለት ይቻላል። አከራይ እሺ ካለ ነው፣ አብዛኛው እሺ አይልም። ቢያንስ ግን አራቱ ለእርስ በርሳቸው በወረቀት ድርሻቸውን መፈራረም ይችላሉ፤ ከፋዩ በኋላ የሚይዘው ነገር ይኖረዋል።

ይሄንኑ ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ አነሳሁ። አንድ ገጽ ጽፌ አምጥቼ ነበር፦ ኪራይ ስንት፣ መብራት እንዴት፣ ውሃ እንዴት፣ የሚወጣ ሰው ከስንት ቀን በፊት ይናገር። ሁለቱ አንብበው ፈረሙ። ባለ ካውያው ልጅ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «አታምነኝም ማለት ነው?» አለኝ። እስክሪብቶው እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው።